ሞላው ሲደክም

በዚህ ዓምድ ብዙ ጊዜ የማወራችሁ ስለ ሥራዬ፣ ማለትም ስለ ኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። የዛሬው ወሬ ግን እጅ የሚያቆሽሽ ነው። ስለ ሞተር ሳይክሌ የፊት አሞርዛተር፣ ስለ አጎቴ፣ ስለ እህቴ ልጅ እና አንድ ቅዳሜ አብረን ስለሠራነው ሥራ ልንገራችሁ። ከበድ ያለ ቃል ሲመጣ እዚያው እፈታዋለሁ፤ መጨረሻ ላይም እሰበስበዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በመጋቢት ወር፣ ዝናብ በሚያካፋበት አንድ እሑድ ነው። የእህቴ ልጅ 16 ዓመቷ ነው። ለንደን ተወልዳ ለንደን ያደገች ልጅ ናት። እሑድ እሑድ ከአማርኛ ትምህርቷ ስትወጣ በሞተሬ ወደ ቤቷ አደርሳታለሁ። በዚያን ቀን ከሃይጌት ወደ አርችዌይ የሚወርደውን መንገድ ይዘን ነበር። መንገዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቁልቁለቱ የዋዛ አይደለም።

አንድ መኪና ከጎን መንገድ ድንገት ብቅ አለ። ፍሬን ያዝኩ። የሞተሩ አፍንጫ ወደ መሬት ተደፋ። በዚያው ቅጽበት የፊት ጎማው አስፋልቱ ላይ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። «ጓ!» የሚል ደረቅ ድምፅ ሰማሁ። መሪው እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ፤ የልጅቷ ሄልሜት ከኋላ መጥቶ ከእኔ ሄልሜት ጋር ተጋጨ። ጎማው ለአፍታ ከመሬት የተነሣ መሰለኝ። አልወደቅንም። መኪናውም ቆመ፤ ነጂው እጁን አንሥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ።

ልጅቷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ቤት ስንደርስ እህቴ ፊቴን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። መዋሸት አልቻልኩበትም፤ ነገርኳት። «ከዛሬ ጀምሮ ልጄ እዚያ ነገር ላይ አትወጣም» አለች። ልከራከር አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። እውነቷን ነበር።

«በሽታውን ሳታውቅ መድኃኒት ትገዛለህ?»

ያን ዕለት ማታ ኮምፒውተሬን ከፍቼ መፈለግ ጀመርኩ። ለሞተሬ የሚሆን ሙሉ አዲስ የፊት አሞርዛተር አገኘሁ። ወርቃማ ነው፤ ያምራል፤ ዋጋው ከ1,500 ፓውንድ በላይ ነው። ዋጋው አመመኝ። ነገር ግን የእህቴ ፊት ትዝ ሲለኝ ካርዴን አወጣሁ። ከመክፈሌ በፊት ግን ለአጎቴ ደወልኩ።

አጎቴ ዕድሜያቸው ከ70 አልፏል። ወጣት ሳሉ አዲስ አበባ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። ዕቃ የሚገዙት ከሶማሌ ተራ ነበር፤ መርካቶ አጠገብ ያለ፣ በመኪና መለዋወጫ የታወቀ ሰፈር ነው። ለንደን ከመጡም በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሠርተዋል።

«ጋሼ፣ የሞተሬ የፊት አሞርዛተር አልቋል። አዲስ ልገዛ ነው» አልኳቸው።

«ማነው አልቋል ያለህ?»

«ፍሬን ስይዝ አፍንጫው ይደፋል።»

«ዘይት ያፈሳል?»

«አያፈስም።»

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«ስድስት።»

«ዘይቱ ተቀይሮ ያውቃል?»

ዝም አልኩ።

«አንተ ልጅ! በሽታውን ሳታውቅ መድኃኒት ትገዛለህ? ለመሆኑ ስንት ኪሎ ነህ?»

«75» አልኩ።

«እውነቱን ንገረኝ።»

«82።»

«ጃኬትህን፣ ጫማህን፣ ሄልሜትህን አድርገህ?»

ሚዛን ላይ ወጥቼ 92 ኪሎ ግራም ሆንኩ። ከ75 እስከ 92 ድረስ 17 ኪሎ ልዩነት አለ። ይህን ሁሉ ኪሎ እየዋሸሁ ኖሬ ኖሯል። አጎቴም «ፋብሪካው ሞተሩን ሲሠራ አንተን አላየህም። አንድ መካከለኛ ሰው ገምቶ ነው የሠራው። አንተ ደግሞ ያ ሰው አይደለህም፤ ከኋላህም ልጅ ጭነሃል። ቅዳሜ ሞተሩን ይዘህ ና፤ መጀመሪያ እንለካለን» አሉኝ።

በእኔ ሥራ አንድ ፕሮግራም ሲበላሽ የመጀመሪያው ሕግ ይኸው ነው፤ ሳትለካ አትንካ። በየቀኑ ለጀማሪዎች የምናገረውን ነገር ለራሴ ሞተር ሲሆን ረሳሁት።

አሞርዛተር ምን ይሠራል?

ወደ ልኬቱ ከመግባታችን በፊት ዕቃውን እንወቀው። የሞተር ሳይክል የፊት ጎማ በሁለት እግሮች መካከል ነው ያለው። እያንዳንዱ እግር ሁለት ቱቦ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ይንሸራተታል። በውስጣቸው ሁለት ዋና ነገሮች አሉ፦ ሞላ እና ዘይት።

ሞላ ማለት ተጠምዝዞ የተሠራ ብረት ነው። ስትጫኑት ያጥራል፤ ስትለቁት ወደ ቦታው ይመለሳል። እስክሪብቶ ውስጥ ያለችው ጠምዛዛ ሽቦ ትንሽ ሞላ ናት። የሞተሩንና የነጂውን ክብደት የሚሸከመው ሞላው ነው። ሞላ ብቻ ቢኖር ግን ሞተሩ እንደ አሮጌ ሽቦ አልጋ እየዘለለ ይሄድ ነበር።

ዝላዩን የሚገታው ዘይቱ ነው። እግሩ ሲያጥርና ሲረዝም ዘይቱ በትናንሽ ቀዳዳዎች ለማለፍ ይገደዳል። በጠባብ ቀዳዳ ማለፍ ቀላል አይደለም፤ ስለዚህ እንቅስቃሴው ይዘገያል፤ የዝላዩም ጉልበት ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ዘይቱ ሲያረጅ ይህን ሥራ በሚገባ መሥራት ያቅተዋል። አሠራሩ አዲስ አይደለም። ቢ.ኤም.ደብሊው እንዲህ በዘይት የሚገታ የፊት አሞርዛተር ያላቸውን ሞተሮች ለገበያ ያቀረበው በ1935 ነው።

የእኔ ሞተር «አድቬንቸር» ከሚባለው ወገን ነው፤ በአስፋልትም በኮረኮንችም ረጅም መንገድ እንዲሄድ የተሠራ ነው። ኮረኮንች ማለት ጠጠርና ድንጋይ የበዛበት፣ አስፋልት ያልለበሰ መንገድ ነው። በ1980 የወጣው የቢ.ኤም.ደብሊው አር 80 ጂ/ኤስ የዚህ ወገን ፈር ቀዳጅ ተደርጎ ይጠቀሳል። በኮረኮንች ላይ ጉድጓዱ ትልቅ ስለሆነ የእነዚህ ሞተሮች አሞርዛተር «ጉዞው» ረጅም ነው። ጉዞ ስል እግሩ ሙሉ በሙሉ ከተዘረጋበት እስከ መጨረሻው እስኪያጥር ድረስ የሚሄደውን ርቀት ማለቴ ነው። የእኔው 200 ሚሊ ሜትር ነው።

ይህ ረጅም ጉዞ ያለ ምክንያት አልመጣም። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ቴድ ሳይመን በ1973 ከለንደን ተነሥቶ በአንድ ትራያምፍ ሞተር ዓለምን ሲዞር በሱዳን በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ወደ ኬንያ ወርዷል። ከእሱ በኋላ ብዙዎች በዚያው አቅጣጫ ተጉዘዋል። ከሞያሌ ወደ ማርሳቢት የሚወስደው የኬንያ መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት አሞርዛተር በመስበር የታወቀ ነበር። እንዲህ ላለው መንገድ ረጅም ጉዞና ለስላሳ ሞላ ያስፈልጋል። ይኸው ለስላሳ ሞላ ግን ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስትይዙ አፍንጫውን ወደ መሬት ይሰደዋል። ለማርሳቢት የተመኘሁት ምቾት አርችዌይ ላይ ሊጥለኝ ነበር።

ሜትር፣ ፕላስቲክ ማሰሪያ እና ሒሳብ

ቅዳሜ ቶተንሃም ወደሚገኘው የአጎቴ ቤት ሄድኩ። የእህቴ ልጅም መጣች፤ በአውቶቡስ። እናቷ «ማየት ትችላለች፤ መውጣት ግን አይቻልም» ብላ ፈቅዳ ነበር።

አጎቴ ሥራውን በሜትር ጀመሩ። በመጀመሪያ ሞተሩን ከሥር ደግፈን የፊት ጎማውን ከመሬት አነሣን። በዚህ ጊዜ እግሮቹ ሙሉ በሙሉ ተዘረጉ። የሚያብረቀርቀው ቱቦ ምን ያህል እንደሚታይ ለካንና ጻፍን። ቀጥሎ ሞተሩን አወረድነው። እኔ ሙሉ ልብሴን ለብሼ ከፊት፣ ልጅቷ ከኋላ ተቀመጥን። አጎቴ እንደገና ለኩ። ልዩነቱ 82 ሚሊ ሜትር ነበር።

ይህን ልዩነት «ስምጠት» እንበለው፤ «ሰመጠ» ከሚለው ግስ የመጣ ነው። ገና ሳንነሣ፣ ቆመን፣ ከ200 ሚሊ ሜትሩ 82ቱ አልቆ ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ሞተር ስምጠቱ ከ50 እስከ 60 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው።

አጎቴ ከዚያ አንዲት ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ቱቦው ላይ አሰሩና «ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዙር፤ አንዴ ጠበቅ አድርገህ ፍሬን ያዝ» አሉኝ። እግሩ ባጠረ ቁጥር ማሰሪያዋን ወደ ላይ ይገፋታል፤ ሲመለስ እሷ እዚያው ትቀራለች። ብቻዬን ዞሬ ስመለስ ማሰሪያዋ መጨረሻው አጠገብ ደርሳ ነበር። የእህቴ ልጅ በስልኳ ፎቶ አነሣችው።

ቀጥሎ ሒሳቡን እኔና ልጅቷ ሠራነው፤ ፊዚክስ እየተማረች ስለሆነ ደስ አላት። ፍሬን ሲያዝ ክብደት ከኋላ ወደ ፊት ይዞራል። ምን ያህል? ጠቅላላው ክብደት በፍሬኑ ጥንካሬና በክብደቱ ማዕከል ከፍታ ይባዛል፤ ከዚያም በሁለቱ ጎማዎች መካከል ላለው ርቀት ይካፈላል። ሞተሩ 210 ኪሎ ግራም፣ እኔ 92፣ ልጅቷ ከነልብሷ 58፤ ድምሩ 360 ኪሎ ግራም ነው። ከፍታውን 0.7 ሜትር፣ በጎማዎቹ መካከል ያለውን ርቀት 1.5 ሜትር፣ ፍሬኑን ደግሞ የመሬት ስበት ግማሽ አድርገን ስናሰላ 84 ኪሎ ግራም መጣ።

እስቲ አስቡት፤ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር አንድ ሙሉ ሰው የፊት ጎማው ላይ ይጫናል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ገባኝ። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ቆማችሁ ሳላችሁ ክብደቱ በአብዛኛው የሚያርፈው የኋላው ጎማ ላይ ነው። ስለዚህ ፊቱ ደህና ይመስላል። የልጅቷ ክብደት ወደ ፊት የሚመጣው ፍሬን ሲያዝ ነው፤ ያውም ልክ አደጋ ሲኖር።

የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ እንደሚለው የእያንዳንዱ ሞላ ጥንካሬ በሚሊ ሜትር 0.6 ኪሎ ግራም ነው። ይህም ማለት አንዱን ሞላ በ1 ሚሊ ሜትር ለማሳጠር የ0.6 ኪሎ ግራም ጫና ይበቃል። ሁለቱ አብረው 1.2 ይሆናሉ። 84 ለ1.2 ሲካፈል 70 ነው። በ82 ላይ 70 ሲጨመር 152። ለጉድጓዱ የሚቀረው 48 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በርግጥ እግሩ ውስጥ የታመቀው አየር ትንሽ ያግዛል፤ የእግሩ ዘመም ማለትም ቁጥሩን ትንሽ ይለውጠዋል። ቢሆንም ሥዕሉ ግልጽ ነው። ያን እሑድ ከግማሽ ስበት በላይ አጥብቄ ፍሬን ይዤ ነበር። «ጓ!» ያለው ብረት ከብረት ሲጋጭ ነው።

«እንግዲህ በሽታው ታወቀ» አሉ አጎቴ። «እግሩ ጤነኛ ነው። ሞላው ለጭነትህ ደካማ ነው፤ ዘይቱ አርጅቷል። የ1,500 ፓውንድ ዕቃ አያስፈልግህም።»

አንድ ጥያቄ ነበረኝ። እግሩ ጫፍ ላይ የሚጠብቅ ቡሎን አለ፤ እሱን ባጠብቀውስ? ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል፤ እኔም አድርጌው አውቃለሁ። አጎቴ ሳቁ። ቡሎኑ ሞላውን ከላይ ቀድሞ ይጫነዋል፤ ሞተሩም ከፍ ይላል። የሞላውን ጥንካሬ ግን አይለውጠውም። «አጭር ሰው ወፍራም ሶል ያለው ጫማ ቢያደርግ ቁመት ያገኛል፤ ጉልበት ግን አያገኝም» አሉኝ።

ስለዚህ ጥንካሬያቸው 0.75 የሆኑ ሁለት ሞላዎች አዘዝኩ፤ 120 ፓውንድ። ዘይትና ማኅተሞቹ ሲጨመሩ 160 ፓውንድ ሆነ። ኢንሹራንሴንም ደውዬ አሳወቅሁ። በእንግሊዝ አገር ሞተራችሁ ላይ ለውጥ አድርጋችሁ ለኢንሹራንስ ካልተናገራችሁ፣ አደጋ ሲደርስ ካሳ ልትከለከሉ ትችላላችሁ።

የሞላው ቀን

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ ግቢ ውስጥ ተሰበሰብን። አጎቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያዙናል፤ እኔ እፈታለሁ፤ ልጅቷ መሣሪያ ታቀብላለች።

«ካቻቢቴ!» አሉ አጎቴ።

ልጅቷ አየችኝ።

«ጠፍጣፋ ጫፍ ያለው፣ ብሎን የሚፈታው» አልኳት። አገኘችው።

«ፒንሳ!» እሱን ከቅርጹ ገምታ አገኘችው፤ መቆንጠጫው ነው።

«አሁን ሞላውን ስጪኝ።»

ስልኳን አወጣችና ፈለገች። ከዚያ ግራ ገብቷት ቀና አለች። «አባባ፣ ‹ሞላ› ማለት እኮ ‹ሙሉ ሆነ› ማለት ነው። ምኑ ነው የሞላው? ዘይቱ?»

አጎቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። ልጅቷ አልተሳሳተችም። «ብርጭቆው ሞላ» ስንል ግስ ነው። «ሞላ» የወንድ ስምም ይሆናል። ጋራዥ ውስጥ ግን ሌላ ቃል ነው፤ ከጣልያንኛ የመጣ።

ጣልያን ኢትዮጵያን የወረረው በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1928 ሲሆን የወጣው በ1933 ነው፤ በፈረንጆች ከ1935 እስከ 1941 መሆኑ ነው። ወራሪው ተባረረ፤ የጋራዡ ቃላት ግን ቀሩ። ጎማ፣ ሞላ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ሁሉም ሥራቸው ጣልያንኛ ነው። አጎቴ ጣልያንኛ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አይችሉም፤ ጣልያናዊ መካኒክ አጠገብ ቢቆሙ ግን ዕቃ በመጠራራት ቀኑን ሙሉ መሥራት ይችላሉ።

«ታዲያ አማርኛ ነው ወይስ ጣልያንኛ?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ ጋራዥ ውስጥ አርባ ዓመት ስናገረው ኖሬያለሁ» አሉ አጎቴ። «የማን እንደሆነ አንቺ ፍረጂ።»

ሥራውን በአጭሩ ልንገራችሁ። የእግሮቹን የላይኛ ክዳን ማላላት ያለባችሁ እግሮቹ ሞተሩ ላይ ታስረው ሳሉ ነው፤ ከወጡ በኋላ የሚይዛቸው የለም። ቀጥሎ ሞተሩን ከሥር አጥብቃችሁ ደግፋችሁ ጎማውን ታወጣላችሁ። ዲስኩን የሚነክሰውን የፍሬን ክፍል በሽቦ አንጠልጥሉት፤ በፍሬን ቱቦው ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። ከዚያ እግሮቹን ታወርዳላችሁ። ክዳኑን ስትከፍቱ ፊታችሁን ከላዩ አርቁ፤ ሞላው ተጭኖ ስለሚቆይ ሊያስፈነጥረው ይችላል።

አሮጌውን ዘይት ወደ ባልዲ ስንገለብጠው የመጣው ነገር ግራጫ ነበር፤ ሽታው ደግሞ እንደ በሰበሰ ዓሣ ነው። ልጅቷ አፍንጫዋን ይዛ ሸሸች። አዲስ ዘይት ግን ጠርቶ የሚታይ ነው። ግራጫ ያደረገው በስድስት ዓመት ውስጥ ከብረቱ የተፋቀው ብናኝ ነው። ይህን ዘይት በፍሳሽ ማስወገጃ መድፋት ክልክል ነው፤ በዕቃ ጠርሙስ አድርገን አካባቢያችን ወዳለው ያገለገሉ ዕቃዎች መሰብሰቢያ ወሰድነው።

ከዚያ ፓራኦሊዮውን ቀየርን። ፓራኦሊዮ ዘይቱ እንዳያፈስ ቱቦውን ዙሪያውን አቅፎ የሚይዝ የላስቲክ ቀለበት ነው፤ ይህም ቃል ከጣልያንኛ ነው። የእኔው ገና አላፈሰሰም ነበር፤ ነገር ግን እግሩ አንዴ ከተከፈተ መቀየሩ ይሻላል።

አዲሱን ዘይት የማፍሰስ ተራው የእኔ ነበር። ሞላው ጠንከር ሲል ተመልሶ የሚረዝመውም በኃይል ነው፤ ስለዚህ ከቀድሞው ትንሽ ወፈር ያለ ዘይት መርጠን ነበር። ልኩ የሚታወቀው ሞላው ሳይገባ፣ እግሩ እስከ መጨረሻው አጥሮ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ድረስ ያለው ርቀት ሲለካ ነው። ሁለቱ እግሮች እኩል መሆን አለባቸው። እኔ ቸኮልኩና ግማሹን ዘይት አጎቴ ጫማ ላይ አፈሰስኩት።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ አጎቴ፤ ጫማቸውን እያዩ።

ልጅቷ ጨርቅ ይዛ ሮጠችና «አባባ፣ ያዘው!» አለቻቸው።

«ያዙት በይ» አልኳት። ለታላቅ ሰው «አንቱ» ነው የሚባለው።

«ተዋት» አሉ አጎቴ። «አሁን የሚያስፈልገኝ ክብር ሳይሆን ጨርቅ ነው።»

ሞላዎቹን አስገባን፤ ክዳኑን ዘጋን፤ ሁሉንም ወደ ቦታው መለስን። እያንዳንዱን ቡሎን መጽሐፉ በሚለው ኃይል፣ ኃይሉን በሚለካ መፍቻ አጠበቅን። በመጨረሻ አጎቴ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ደጋገሙልኝ፦ ጎማ ወጥቶ ከገባ በኋላ፣ ሞተሩ ሳይንቀሳቀስ፣ የፊት ፍሬኑን እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ መጫን ያስፈልጋል። አለበለዚያ የመጀመሪያው ፍሬን ባዶ ሊሆን ይችላል።

እህቴ ስትፈርድ

ዳግመኛ ተቀምጠን ለካን። ስምጠቱ 82 የነበረው 60 ሚሊ ሜትር ሆነ። ሒሳቡንም ደገምነው፤ 84 ለ1.5 ሲካፈል 56፣ በ60 ላይ 116። ለጉድጓዱ የሚቀረው 48 የነበረው አሁን 84 ነው። ልጅቷ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈችና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረች።

ለእውነት ስል ጉዳቱንም ልንገራችሁ። ብቻዬን ስሄድ ሞተሩ ከበፊቱ ጠጠር ብሏል። የለንደን የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች አሁን እጄ ላይ ይሰማሉ። ለአንዱ ጭነት የተስማማ ሞላ ለሌላው ፍጹም አይሆንም። እኔ ልጅቷን የጫንኩበትን ቀን መረጥኩ።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ልጇን ልትወስድ መጣች። ወረቀቱን አሳየናት። አንብባ መልሳ ሰጠችን። «ቁጥሩ ጥሩ ነው» አለች። «ልጄ ከመውጣቷ በፊት ግን እኔ እወጣለሁ።»

የልጇን ሄልሜትና ጃኬት ለበሰች። አጎቴ ለልኬት ብለው ክብደቷን ጠየቋት፤ መለሰችላቸው። እዚህ አልጽፈውም፤ ቃል ገብቻለሁ።

«የት ልውሰድሽ?» አልኳት።

«እዚያው።»

ሃይጌት ደርሰን ቁልቁለቱን ጀመርን። መንገዱ ደረቅ ነበር። ከኋላዬ ማንም እንደሌለ በመስታወቱ አየሁና «ያዢኝ» ብዬ ፍሬኑን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩ። አፍንጫው ወረደ፤ ግን እንደ ጨዋ ሰው ጎንበስ ብሎ ቆመ። መሪው አልተንቀጠቀጠም። ሄልሜታችን አልተጋጨም። እህቴ ጃኬቴን ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ከዚያ ቀስ ብላ ለቀቀችው።

ወደ ቶተንሃም እስክንመለስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ሄልሜቷን አውልቃ ፀጉሯን አስተካክላ፣ በር ላይ ቆማ የምትጠብቀውን ልጇን አየቻትና ወደ እኔ ዞረች።

«እሑድ ከትምህርት ቤት አምጣት» አለችኝ። «ዝናብ ከሆነ ግን በአውቶቡስ።»

የሳምንቱ ቃላት

አሞርዛተር፦ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ንዝረቱን የሚያበርድ የመኪና ወይም የሞተር ክፍል።

ሞላ፦ ሲጫኑት የሚያጥር፣ ሲለቁት የሚመለስ ጠምዛዛ ብረት።

ካቻቢቴ፦ ብሎን መፍቻና ማጥበቂያ።

ፒንሳ፦ መቆንጠጫ፣ መያዣ።

ቡሎን እና ዳዶ፦ ዳዶ ቀዳዳ ያለው ብረት ነው፤ ቡሎኑ በውስጡ እየዞረ ይገባል።

ኩሽኔታ፦ ጎማ ያለ ችግር እንዲዞር በመካከሉ የሚገባ፣ ትናንሽ የብረት ኳሶች ያሉት ቀለበት።

ባሌስትራ፦ የጭነት መኪናን ክብደት የሚሸከሙ፣ ተነባብረው የታሰሩ ረጃጅም ጠፍጣፋ ብረቶች።

ፓራኦሊዮ፦ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዝ የላስቲክ ቀለበት።

የቤት ሥራም አለኝ። በቤተሰባችሁ ወይም በጎረቤታችሁ መኪና ያሠራ፣ የነዳ ወይም የጠገነ ታላቅ ሰው ካለ፣ ሦስት የጋራዥ ቃላት እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። «አንቱ» ማለትን አትርሱ። እጃቸው ላይ ዘይት ካለ ግን መጀመሪያ ጨርቁን ስጧቸው።

ሳምንት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።